«እስኪሻለው ድረስ»፦ በወንጀል የማይጠየቅ ሕመምተኛ እስከ መቼ ይያዛል?



በአንዋር መስጂድ ጁሙዓ ሰግዶ የወጣ ሰው የሸቀጡን፣ የኩሊውንና የሚኒባሱን ግፊያ አልፎ ጥቂት ከተራመደ አማኑኤል ሆስፒታል ይደርሳል። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን በሕክምናው ሳይሆን በስድብነቱ ነው። ነጋዴ በዋጋ ሲጨቃጨቅ፣ ረዳት በመልስ ሲጣላ፣ ልጅ ሲረብሽ «አንተን አማኑኤል ነበር መውሰድ!» እንላለን። ከዚያ ግቢ ውስጥ ማን እንዳለ፣ በማን ትእዛዝ እንደገባና መቼ እንደሚወጣ ግን አንጠይቅም።

ወደዚያ ከሚገቡት መካከል በገዛ እግራቸው ወይም በቤተሰብ እጅ ያልመጡ አሉ። ፍርድ ቤት የላካቸው ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከባድ ድርጊት ፈጽመው፣ ድርጊቱን በፈጸሙበት ሰዓት ግን አእምሯቸው ታውኮ ስለነበር «በወንጀል ኃላፊ አይደሉም» የተባሉ ይገኙበታል። ሕጉ ጥፋተኛ አላላቸውም፤ ወደ ቤታቸው ሂዱም አላላቸውም። በሁለቱ መሃል ባለ ስፍራ አስቀምጧቸዋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ተሻግሯል። በዚህ ጊዜ ስለ ሽብር፣ ስለ ሙስና፣ ስለ ዋስትና መብት ብዙ ተጽፏል፤ እኛም በዚሁ ገጽ ስለ እስረኞቻችን ብዙ ብለናል። ስለ እነዚህ ሰዎች ግን የተባለው ጥቂት ነው። ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ብዕር ከተነሳለት ሰው ላይ በሩ የሚከፈተው መቼ ነው? ቀኑንስ ማን ይቆጥርለታል?

ሕጉ ምን ይላል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 መርሁን ያስቀምጣል። አንድ ሰው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም፣ በአእምሮ መታወክ ወይም በመሰል ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነትና ውጤት መረዳት የማይችል ከነበረ፣ ወይም ቢረዳም ራሱን መግዛት የማይችል ከነበረ፣ በወንጀል አይጠየቅም፤ አይቀጣምም። ችሎታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የተቀነሰ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 49 ከፊል ኃላፊነት የሚለውን ያመጣል።

ዳኛ ሐኪም አይደለምና ጥርጣሬ ሲኖር አንቀጽ 51 የባለሙያ ምርመራ እንዲታዘዝ ያደርጋል። ባለሙያው የሰውየውን ጤንነት፣ ሕመሙ በማመዛዘን ችሎታው ላይ ያሳደረውን ተጽእኖና የሚያስፈልገውን ሕክምና ያስረዳል። ከዚያ ተነስቶ «ኃላፊ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን የሕግ መደምደሚያ የሚሰጠው ግን ዳኛው ነው።

«ኃላፊ አይደለም» ከተባለ በኋላ ያለውን ከአንቀጽ 129 እስከ 132 እናገኘዋለን። ሰውየው ለሕዝብ ደኅንነት ወይም አብረውት ለሚኖሩ አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ ያዛል። አደገኛ ሳይሆን ሕክምና ብቻ የሚያስፈልገው ከሆነ እንዲታከም ያዛል። ስለ ጊዜው የሚናገረው አንቀጽ 132 ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል። አንደኛው፣ እርምጃው የጊዜ ገደብ የለውም። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በየ2 ዓመቱ እንደገና ሊመረምር ይገባል። ምክንያቱ ሲቀርም እርምጃው በፍርድ ቤት ውሳኔ ይቆማል።

ይህ ማለት ሰውየው የተያዘው ባደረገው ነገር ሳይሆን ዛሬ ባለበት ሁኔታ ነው። ቅጣት ወደ ኋላ ያያል፤ የጥበቃ እርምጃ ወደ ፊት ያያል። ወደ ፊት የሚያይ ነገር ደግሞ ዓይኑን በየጊዜው መክፈት አለበት። የ2 ዓመቱ ምርመራ ያ ዓይን ነው። እሱ ከተከደነ እርምጃው ማብቂያ የሌለው እስራት ይሆናል።

«እስኪ… ድረስ» የምትለዋ ቃል

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከሦስት ሰዎች ብዕር መነሳቱን የሚያስተምረውን ሐዲስ መድረሳ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የተኛ ሰው፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ሕፃንና አእምሮው የታወከ ሰው ናቸው። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው «ብዕር ተነሳ» የሚለውን ክፍል ነው። ሐዲሱ ግን ለሦስቱም ገደብ አስቀምጧል። ለተኛው እስኪነቃ፣ ለሕፃኑ እስኪጎረምስ፣ ለታመመው እስኪሻለው ድረስ። እብደት የአንድ ሰው ዘላለማዊ ስም አይደለም፤ ሊመጣም ሊሄድም የሚችል ሁኔታ ነው።

ፉቀሃእ ይህን «ድረስ» በቁም ነገር ወስደውታል። የማያቋርጥ እብደትን ከሚመጣና ከሚሄድ እብደት ለይተዋል። ሰውየው ልቦናው በተመለሰለት ሰዓት ሶላቱ፣ ጾሙ፣ ውሉ ሁሉ ይመለሳል። ጠዋት ታሞ ከሰዓት የተሻለው ሰው የዓስር ሶላት ግዴታው ነው። እንግዲህ አላህ ፊት ለመቆም ብቁ የሆነ ሰው «ገና እብድ ነህ» ተብሎ ያለ ምርመራ ለዓመታት ቢቆይ፣ በአንድ በኩል ሙከለፍ በሌላ በኩል እብድ አደረግነው ማለት ነው።

በአቡ ዳውድና በሌሎችም የተዘገበው የዑመርና የዐሊይ (ረ.ዐ) ታሪክም ለርእሳችን ቅርብ ነው። አእምሮዋ የታወከ ሴት ዝሙት ፈጽማ ወደ ኸሊፋው ዑመር ቀረበች፤ ሰዎችን አማክረው ቅጣት አዘዙባት። ወደ ቅጣቱ ስትወሰድ ዐሊይ አገኟት፤ እንድትመለስ አድርገው ለዑመር ያንኑ ሐዲስ አስታወሷቸው። ዑመርም ውሳኔያቸውን ሻሩ። ዑመር ፍትሐዊ መሪ ነበሩ፤ ሰዎችንም አማክረው ነበር። እንዲያም ሆኖ ውሳኔው የተስተካከለው አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «መልሷት» ስላለ ነው። ዛሬ በየ2 ዓመቱ «መልሱት፤ እንየው» የሚለው ማነው?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማዒዝ በራሱ ላይ መስክሮ በመጣ ጊዜ አእምሮው ጤነኛ መሆኑን ስለ እርሱ መጠየቃቸውም ይታወቃል። በሕግ ቋንቋ ይህ ጥርጣሬ ሲኖር ማጣራት ነው። ሸሪዓው ከፍርድ በፊት ይጠይቃል፤ ከፍርድ በኋላም «እስኪሻለው ድረስ» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል።

መዝገቡን ማን ያንቀሳቅሰው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ታሪኩ የማንም ሰው አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት ያዘጋጀነው ነው።

በሸራ ተራ በአጎቱ ሱቅ የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት ለወራት እንቅልፍ አጣ። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ የጎን ሱቅ ባለቤት ሊገድለው እንደሚዶልት አመነ። ቤተሰቡ ሩቅያ አስቀሩለት፤ አገር ቤት ወስደው መለሱት። «ይለፍለታል» እያሉ ሳሉ አንድ ቀን ያንን ጎረቤት በብረት መታው፤ ሰውየውም ሞተ። ፖሊስ ያዘው፤ ክስ ተመሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ አስመረመረው። ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት ኃላፊ አልነበረም ተባለ፤ በተቋም ውስጥ ተይዞ እንዲታከም ታዘዘ። መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ።

መድኃኒቱ ሠራለት። በዓመቱ ድምፆቹ ጠፉ፤ መስገድና ቁርኣን መቅራት ጀመረ። እናቱ በየሳምንቱ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። «መቼ ነው የሚወጣው?» ብለው ሐኪሙን ሲጠይቁ «እማማ፣ የያዘው ፍርድ ቤት ነው» ይባላሉ። ፍርድ ቤት ሲሄዱ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ አቤቱታ አለዎት?» ይባላሉ። እናት አቤቱታ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ጠበቃ የሚከፍሉበትም የላቸውም። ሁለት ዓመት ሞላ፤ አለፈ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሐኪሙም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛውም፣ ዳኛውም ሥራቸውን ሠርተዋል። ሕጉ የሰጠው መብት ግን በመሃላቸው ወድቆ ቀረ።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። ሕጉ የመመርመሩን ግዴታ በፍርድ ቤቱ ላይ ጥሏል። ፍርድ ቤት ግን በልማዱ የቀረበለትን መዝገብ ነው የሚያየው። በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ ቀጠሮ አለው፤ ከሳሽ አለው፤ ተከሳሽ አለው። በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ያለ ሰው ግን ቀጠሮ የለውም። ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩ አልቆለታል፤ ጠበቃውም «አሸንፏል»።

ከተፈረደበት ሰው ጋር እናነጻጽረው። በስርቆት 3 ዓመት የተፈረደበት ሰው የሚወጣበትን ቀን ያውቃል። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ጠባዩ ካማረ አመክሮ ሊጠየቅለት ይችላል፤ ማረሚያ ቤቱም ቀኑን ይቆጥራል። ጥፋተኛ ያልተባለው ሕመምተኛ ግን የሚወጣበት ቀን አልተጻፈለትም፤ የሚቆጥርለትም ላይኖር ይችላል። ጥፋተኛው ቀን ሲኖረው ንጹሑ ቀን ካጣ፣ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ይህን ስንል የሐኪሞቹን ሸክም ረስተን አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱ ውጭ አገር ነበር። ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ፤ የገፈርሳ ማገገሚያ ማእከልም አለ። ሆኖም ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለባት አገር ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ተመላላሽ ታካሚ የሚያይ ሐኪም ለፍርድ ቤት ሪፖርት ለመጻፍ ጊዜ ቢያጥረው አይገርምም። ለዚህም ነው ምርመራው በማንም መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የሌለበት። በሥርዓት መታሰር አለበት።

የሟች ቤተሰብስ?

እዚህ ላይ የሚነሳውን ጥያቄ መሸሽ አይገባም። ያ የጎን ሱቅ ባለቤትም ሚስትና ልጆች ነበሩት። «ገዳዩ ታሞ ነበር፣ ድኗል፣ ነገ ይወጣል» ሲባሉ ምን ይሰማቸዋል? መርካቶ ጠባብ ናት። ልጁ ወደ አጎቱ ሱቅ ከተመለሰ የሟች ልጅ በየቀኑ ያየዋል። ይህን ሥቃይ አቃልሎ ስለ መብት ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ፍትሕ ነው የጻፈው።

ሸሪዓው ይህንንም አልዘነጋም። አእምሮው የታወከ ሰው ሲገድል ቂሷስ ይቀርለታል፤ የሟች ደም ግን ከንቱ አይቀርም። አብዛኞቹ ፉቀሃእ ድርጊቱን እንደ ስሕተት ቆጥረው ዲያውን በዓቂላው፣ ማለትም በወገኖቹ ላይ ያደርጉታል። ብዕሩ የተነሳው ከታመመው ነው፤ ከጤነኞቹ ዘመዶች ላይ ኃላፊነት አልተነሳም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ካሣን በአድራሹ የአእምሮ ሁኔታ ብቻ ውድቅ አያደርግም፤ ዳኛው ርትዕ ሲያስገድድ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል እንጂ።

ስለዚህ የሟች ቤተሰብ ሐቅ በዲያ፣ በካሣ፣ በሱልሕና በአገር ሽማግሌ የሚፈለግ ነው። የዳነን ሰው ሳይመረመር በማቆየት አይገኝም፤ ከዚያ ውስጥ ለሟች ልጅ የሚደርስ የትምህርት ቤት ክፍያም ሆነ የቤት ኪራይ የለምና። ምርመራው በሚደረግበት ቀን ግን ቤተሰቡ ሊነገራቸውና ሊደመጡ ይገባል። ፍርሃታቸው ዳኛው ለሚያስቀምጠው ግዴታ ግብአት ይሆናል። ልጁ ሌላ ሰፈር ይኑር፣ መድኃኒቱን ያቋርጥ እንደሆነ ሪፖርት ይደረግ፣ ወደዚያ ሱቅ አይቅረብ የሚሉ ግዴታዎች ሁለቱንም ወገን ይጠብቃሉ።

«ምርመራ» ስንልም «መፍታት» ማለታችን አይደለም። አሁንም አደገኛ የሆነ ሰው ይቆያል፤ በደንብ ተመርምሮ ይቆያል። የተሻለው ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የሚያስፈራው ሳይመረመር የቆየው ብቻ ሳይሆን ሳይመረመር የወጣውም ነው። ያለ ክትትል፣ ያለ መድኃኒትና ያለ አሳዳሪ በር ከፍቶ መልቀቅ ለእርሱም ለሰፈሩም ዙልም ነው።

ሌሎች ከዚህ ምን ተማሩ?

የ2 ዓመቱ ጊዜ በራሱ ከዓለም የራቀ አይደለም። በካናዳ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ጉዳይ የሚያየው ቢያንስ 5 አባላት ያሉት የክለሳ ቦርድ በመርህ ደረጃ በየ12 ወሩ ይሰበሰባል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 እንደወሰነው፣ ሰውየው ለሕዝብ ከባድ ሥጋት መሆኑ ካልተረጋገጠ ሙሉ በሙሉ መለቀቅ አለበት። በእንግሊዝ ደግሞ ጥብቅ ገደብ ያለበት ታካሚ ለ3 ዓመት በጉዳዩ ላይ ትሪቡናል ሳይቀመጥ ከቀረ፣ እርሱ ባያመለክት እንኳ ጉዳዩ በራሱ ጊዜ እንዲቀርብ ይደረጋል። ከሁለቱ የምንማረው ከቁጥሩ ይልቅ አሠራሩን ነው። መዝገቡ የሚንቀሳቀሰው እናት ስላለቀሱ ሳይሆን ቀኑ ስለደረሰ ነው።

ከአህጉራችን ደግሞ የጋምቢያ ጉዳይ አለ። በዚያች ሙስሊሞች በሚበዙባት አገር የአእምሮ ሕሙማንን በሚመለከት የቅኝ ግዛት ዘመን ሕግ ነበር። ሰዎች በሕጉ መሠረት ሆስፒታል ሲገቡ ውሳኔውን የሚያስመረምሩበትም ሆነ ይግባኝ የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም። ሁለት የመብት ተሟጋቾች ስለ ታካሚዎቹ ሆነው ለአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አመለከቱ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ጋምቢያ የአፍሪካን ቻርተር እንደጣሰች ወሰነ። ሕጉ እንዲተካ፣ እስከዚያው ድረስም የተያዙትን ሰዎች ጉዳይ የሚመረምር የባለሙያዎች አካል እንዲቋቋም ጠየቀ። ኢትዮጵያ የዚሁ ቻርተር አባል ናት። የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 14 ደግሞ የማንም ነፃነት በአካል ጉዳት ምክንያት ብቻ እንዳይገፈፍ ይከለክላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው።

ከጋምቢያ የምንለየው በአንድ ነገር ነው። እነርሱ የክለሳ ሕግ አልነበራቸውም፤ እኛ አለን። ያለንን ሕግ ሳንጠቀምበት ከቀረን ግን ለተያዘው ሰው ልዩነቱ ምንድነው?

ከበሩ ውጭ ማን ይቀበለዋል?

እስካሁን ስለ ፍርድ ቤት አወራን። አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ የዳነ ሰው የሚወጣው የሚሄድበት ሲኖረው ነውና። ዳኛ «የት ትኖራለህ? መድኃኒትህን ማን ይከታተልልሃል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ዝምታ ከሆነ ዳኛው ለመልቀቅ ይቸገራል። በዚያን ጊዜ ልጁን የያዘው ሕመሙም ሕጉም አይደለም፤ እኛ ነን።

ብዙ የመርካቶ ነጋዴ ቤተሰቦች ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡ ናቸው። በዚያው አካባቢ በቡታጅራ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት አጥንተዋል። ጥናቱ ሲጀመር ያገኟቸው ሕሙማን እጅግ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ቤተሰብ አልጠላቸውም፤ ደብቋቸዋል፤ አንዳንዴም አስሯቸዋል። ከኀፍረትና ካለማወቅ የመጣ ነው። ሩቅያ ሱና ነው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ መድኃኒት እንድንፈልግም አስተምረውናል። ሁለቱን ማጣላት ያመጣነው እኛ ነን። በምሳሌያችን ያለው ወጣት በሁለተኛው ወር ሐኪም ቢያየው ኖሮ ጎረቤቱ ዛሬ ሱቁን በከፈተ ነበር።

ቀደምት ሙስሊሞች የታመመን ሰው ማስታመም ብቻ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ማቋቋምም የማኅበረሰቡ ሥራ መሆኑን ያውቁ ነበር። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ያቋቋሙት ቢማሪስታን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ወጪው በወቅፍ ይሸፈን ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ድኖ የሚወጣ ድኻ ታካሚ መቋቋሚያ ይሰጠው ነበር። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ እኛ ከአማኑኤል ለወጣ ሰው የምንሰጠው ቅጽል ስም ብቻ መሆን አልነበረበትም።

ምን እናድርግ?

ለቤተሰብ፦ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ በእንዲህ ያለ ትእዛዝ ከተያዘ የውሳኔውን ግልባጭ ውሰዱ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ጽፋችሁ 2 ዓመት የሚሞላበትን ቁጠሩ። ቀኑ ሳይደርስ የሐኪም ሪፖርት እንዲዘጋጅ ጠይቁ። በጽሑፍ አቤቱታ አቅርባችሁ አንቀጽ 132ን ጥቀሱ። ከአቤቱታው ጋር ልጁ የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚከታተለውና በየትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንደሚወስድ ግለጹ። ጠበቃ ማቆም ካልቻላችሁ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትን፣ የዩኒቨርሲቲዎችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከላት፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንን ጠይቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የተያዘ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙ፣ ከጠበቃውና ከሃይማኖት አባቱ ጋር የመገናኘት መብት አለው፤ ኢማሙ ቢጠይቁት ውለታ አይደለም፤ መብቱ ነው።

ለመስጂዶቻችንና ለመጅሊሱ፦ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ጠበቆችን፣ ሐኪሞችንና ዓሊሞችን የያዘ አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ቢያቋቁም ብዙ ይሠራል፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዙ ሙስሊም ሕሙማን ስንት እንደሆኑና ቀናቸው መቼ እንደሚሞላ ማወቅ ለመነሻ በቂ ነው። ሃይማኖት ሳይለይ ጠያቂ የሌለውንም ቢጨምር አጅሩ ይበልጣል። በመርካቶ ያሉ ባለሀብቶቻችን ለመድኃኒትና ለመቋቋሚያ የሚሆን ወቅፍ ቢያቆሙ ሶደቀቱል ጃሪያ ነው። ኹጥባ አድራጊዎቻችንም «አማኑኤል» የሚለውን ስድብ ከአፋችን እንዲያወጡልን እንጠይቃለን።

ለፍትሕ አካላትና ለሕግ አውጪዎች፦ የተያዘው ሰው ውሳኔ ሲሰጥ መዝገቡ ጭራሽ አይዘጋ፤ የ2 ዓመቱ ቀጠሮ እዚያው ውሳኔው ላይ ይጻፍ። በምርመራው ዕለት ሰውየው በአካል ይቅረብ፤ ጠበቃ ይቁምለት። ከሚያክመው ሐኪም ሌላ ሁለተኛ ባለሙያ አስተያየት ይስጥ። የተጎጂ ቤተሰብ ይነገረው። ውሳኔውም በምክንያት ተደግፎ በጽሑፍ ይሰጥ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንድ መስመር በውሳኔ ላይ፣ አንድ ቀን በቀጠሮ መዝገብ ላይ ይበቃል።

ዳኝነት አማና ነው። በአማኑኤል ግቢ፣ ከዕለት ገበያችን በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ድኖ ቀኑን የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ ካለ ያ ሰው በአንገታችን ላይ ያለ አማና ነው። በሚቀጥለው ጁሙዓ ከአንዋር ስንወጣ ሁላችንም ወደየሱቃችን ከመሮጣችን በፊት እርሱን እናስታውስ።

አላህ ሕሙማንን ሁሉ ይፈውስ፤ በግፍ የሞቱትን ይማር፤ ለቤተሰባቸው ሶብር ይስጥ፤ በእጃችን ያለውን አማና ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።